ጠያቂው ከሄደ በኋላ፦ የአራስ እናት ድባቴና የሰው ድጋፍ

ድሬ ላይ አንዲት ሴት ወልዳ ቤቷ ስትገባ ጠያቂ አይጠፋም። ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ በማግስቱ ጎረቤቱ በር ላይ ነው። አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ሌላዋ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የምትል አለች። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" የምትልም አለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚሰሙት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ቡናው ከምድጃ አይወርድም። መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ግንቦትም ቢሆን፣ ግድግዳው በሙቀት ቢግልም፣ አራስ ብርድ ይመታታል ተብሎ።

እንዲህ ሰው በሞላበት ቤት እናቲቱ ድባቴ ይዟታል ሲባል ብዙዎቻችን አይዋጥልንም። "ምን ጎደለባት? እናቷ አለች፣ አማቷ አለች፣ ጤነኛ ልጅ ታቅፋለች" እንላለን። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ ድጋፍ ያጣች እናት ከወሊድ በኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ሁለቱን እንዴት እናስታርቃቸው? እኔ እንደገባኝ፣ ድጋፍ የምንለካበት መንገድ ላይ ችግር አለ። ስንት ሰው መጣ ብለን እንቆጥራለን። እናትን የሚጠብቃት ግን ሆዷን የምትነግረው ሰው መኖሩና ጠያቂው ካለቀ በኋላም ሥራዋን የሚያቀልላት እጅ አለመጥፋቱ ነው።

ድባቴው ራሱ ምን ይመስላል?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሰው ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። በወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ እናቲቱ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳታል። ትስቃለች፣ ወዲያው ታለቅሳለች፣ በትንሽ ነገር ትበሳጫለች። ከግማሽ የሚበልጡ እናቶች ይህን ያዩታል። ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቅም። ሕክምናም አይፈልግም፤ እንቅልፍና "አይዞሽ" ይበቃዋል።

ሁለተኛው ድባቴው ነው። ይህኛው በሁለት ሳምንት አይለቅም። ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ዓመት እስኪሞላ ድረስም ሊመጣ ይችላል። እርግዝናው ላይ ጀምሮ የሚቀጥልባቸውም ብዙ ናቸው። ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ድሮ ደስ የሚላት ነገር አሁን ምንም አይመስላትም። ሕፃኑ ተኝቶ እሷ ጣራ ስታይ ታድራለች። "እኔ እናት አይደለሁም፣ ለዚህ ልጅ አልሆንም" የሚል ሐሳብ ይመላለስባታል። አንዳንዷ ደግሞ ልጁን ታቅፋ ምንም አይሰማትም፤ ይህንን ለማንም አትናገርም፣ ያሳፍራታላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ጋ እናቶች "ከፋኝ" ብለው አይመጡም። "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ልቤን ይመታኛል"፣ "ወገቤ ተቆረጠ"፣ "አቅም አጣሁ" ነው የሚሉት። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያማቸዋል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት የደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ከድባቴ ጋር የሚመሳሰል ድካም ያመጣል። ስለዚህ የደም ምርመራ ማድረጉ ጥሩ ነው። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቃት ግን "ምንም የለብሽም" ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይጀምራል። እንቅልፍ ጨርሶ ይጠፋታል፣ ትቀባጥራለች፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለች፣ "ልጄን ሊወስዱብኝ ነው" ትላለች። ይህ አስቸኳይ ሕመም ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ፤ እስከዚያው ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተው። በኛ አካባቢ እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ልክፍት ነው፣ ጅን ነው ይባልና ቀናት ይባክናሉ። ጸበሉም ሆነ ሩቅያው ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ሕክምናውን ግን አያስጠብቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በቅርቡ ከወለዱ 100 እናቶች 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይ ድባቴ፣ ያጋጥማቸዋል። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። በአንድ ጠባብ መንደር ውስጥ በዓመት ስንት ሴት እንደምትወልድ አስቡትና ቁጥሩን ራሳችሁ ድረሱበት።

መነሻው አንድ ብቻ አይደለም። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በእርግዝና ጊዜ ከፍ ብለው የነበሩት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። እንቅልፍ ይቆራረጣል። ቁስሉ፣ በተለይ በኦፕራሲዮን ለወለደች፣ ገና አልሻረም። ከዚህ በፊት ድባቴ የነበረባት፣ ሳታቅድ ያረገዘች፣ ልጇ የታመመባት፣ ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ እናት አደጋዋ ይጨምራል። ሆርሞኑ የሁሉም እናት ይወርዳል፤ በድባቴ የሚያዙት ግን ሁሉም አይደሉም። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱና ሰው ሊለውጠው የሚችለው ድጋፉ ነው።

ድጋፍ ስንል ምን ማለታችን ነው?

አገራችን ውስጥ ጭምር ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት የኦስሎ መጠይቅ የሚባል አለ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ከባድ ችግር ቢገጥምሽ የምትተማመኚባቸው በጣም የቅርብ ሰዎች ስንት ናቸው? ሰዎች ስለምታደርጊው ነገር ምን ያህል ግድ ይላቸዋል? እርዳታ ቢያስፈልግሽ ከጎረቤት ማግኘት ምን ያህል ይቀልሻል? ነጥቡ ከ3 እስከ 14 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በታች ደካማ ድጋፍ ተብሎ ይመዘገባል።

ጥያቄዎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። "ስንት ሰው ጠየቀሽ?" የሚል የለም። የመጀመሪያው ስለ መተማመን ነው። ሁለተኛው ሰው ልብ ብሎ ያያታል ወይ ነው። ሦስተኛው ለምኖ ማግኘት ይከብዳል ወይ ነው። ግማሽ ሰፈር ገንፎ የበላባት እናት በሦስቱም ዝቅተኛ ነጥብ ልታመጣ ትችላለች።

በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ሰፈር ሴቶችን አጥንተው ነበር። ከባድ መከራ ደርሶባቸው በድባቴ የወደቁትንና ያልወደቁትን ሲያነጻጽሩ፣ ትልቅ ልዩነት ያመጣው ገመናዋን ሳትፈራ የምትነግረው የቅርብ ሰው መኖር አለመኖሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶችም አንድ ነገር ጨመሩ፤ የተደረገላት እርዳታ መጠን ያን ያህል ሳይሆን፣ "ብጠራ የሚደርስልኝ አለ" የሚለው እምነቷ ነው ይበልጥ የሚጠብቃት። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሕፃኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያለቅስ፣ የምትቀሰቅሰው ሰው ያላት እናትና የሌላት እናት የሚሰማቸው ፍርሃት አንድ አይደለም። ልቅሶው ግን ያው ልቅሶ ነው።

አንዳንድ ጠያቂ ደግሞ ሸክም ይጨምራል፤ ይህን ሳንሸፋፍን እንነጋገር። "ወተትሽ ቀጭን ነው፣ ልጁ አይጠግብም።" "እኛ ስንት ወልደን፣ በሳምንቱ እንጀራ እንጋግር ነበር።" "ሴት ናት? ግድ የለም፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆናል።" ተናጋሪዋ ክፋት የላትም፤ ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። አራሷ ግን ሌሊቱን ከዚያ ቃል ጋር ታድራለች። የድባቴ አንዱ ጠባይ ራስን መክሰስ ነው፤ እንዲህ ያለው አስተያየት ለክሱ ምስክር ይሆናል። በዚያ ላይ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ መቀመጥ፣ ፈገግ ማለት፣ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ማለት አለባት። መተኛት የነበረባት ሰዓት በዚህ ያልቃል።

ጊዜው ደግሞ ይገጥማል። የሩቅ እናት ከወሎም ትምጣ ከጭሮ፣ ክርስትናው ሲያልቅ ወይም አርባው ሲሞላ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ጎረቤቱም "አሁንማ በርትታለች" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ድባቴው ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው በእነዚያው ሳምንታት ነው። እኛ የምንረዳት ደስታው በበዛበት ሰሞን ነው፤ ጭር ሲል እንጠፋለን።

እዚህ ድሬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር አለ። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ገበያው ይዘጋል፣ ብዙ ወንድ በርጫ ላይ ነው። ሙቀቱ የሚከብደውም ሕፃኑ የሚነጫነጨውም ያኔ ነው። ባሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ከስምንት ሰዓት እስከ አመሻሹ ያለው ጊዜ አራስን ብቻዋን የሚያገኛት ሰዓት ስለሆነ ነው። የሚችል ሰው ከእነዚያ ሰዓታት አንዷን ቤት ቢያሳልፍ ትልቅ ነገር ነው።

ጠያቂም የሌላቸው አሉ። ለፋብሪካ ሥራ ከሌላ አካባቢ መጥታ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖረው፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ያረገዘችው፣ ያለ ባል የወለደችው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አዋጁ የሚመለከታት ተቀጣሪ ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። አባትየው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ መቀመጥም ይከብዳታል። ቀፊራ መደብ ላይ አትክልት የምትቸረችረዋ እናት ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣት ቀጣሪ የላትም፤ ካልሸጠች አትበላም።

ግን ድጋፍ በእርግጥ ድባቴን ይቀንሳል?

አንድ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። "ድባቴ የያዛት ሴት እኮ ራሷ ከሰው ትሸሻለች፤ ድጋፍ የለኝም የምትለውም ድባቴው ሁሉን ስላጨለመባት ሊሆን ይችላል።" ትክክል ነው። እናቶችን አንድ ቀን ብቻ አግኝቶ የሚጠይቅ ጥናት የትኛው እንደሚቀድም መለየት አይችልም። ሁለቱም አቅጣጫ እውነት ይመስላል፤ አንዱ ሌላውን እየገፋው ይሄዳል።

ስለዚህ ወደ ሌላ ዓይነት ጥናት መሄድ አለብን፤ ድጋፉን ሰጥቶ ለውጡን ወደሚያየው። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ፓኪስታን ገጠር ውስጥ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ልክ እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሄዱ ሴቶች አጭር ሥልጠና ተሰጣቸው። በእርግዝናቸው መጨረሻ ድባቴ የነበረባቸውን እናቶች እየጎበኙ ያወያዩ ነበር፤ ስለ ራሷ ጤና፣ ስለ ሕፃኑ፣ በዙሪያዋ ስላሉት ሰዎች። ቤተሰቡንም ያሳትፉ ነበር። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከእነዚህ እናቶች ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ነበሩ። ያለዚያ ውይይት የተጎበኙት ጋ 53 በመቶ። ሐኪም አልነበረም፤ መድኃኒትም የዚህ ሥራ አካል አልነበረም።

ሁለተኛው ካናዳ ነው፣ 2009 እ.ኤ.አ.። ለድባቴ የተጋለጡ 701 አራሶች ተመርጠው፣ ግማሾቹ ቀድሞ ራሳቸው በዚሁ ሕመም አልፈው ከዳኑ እናቶች ስልክ እየተደወለላቸው ይወያዩ ነበር። በ12ኛው ሳምንት ሲለካ የድባቴ ምልክት የታየባቸው 14 በመቶ ሆኑ፤ ካልተደወለላቸው ደግሞ 25 በመቶ። ስልክ ብቻ! ያለፈችበትን ሴት ድምፅ መስማት ይህን ያህል ይሠራል።

ለሕፃኑም ነው። አገራችን ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተለ ጥናት፣ ጭንቀቱ ከእርግዝና እስከ ወሊድ በኋላ የዘለቀባቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳይቷል።

ምን እናድርግ?

ለአራስ የሚጠቅመው ሥራ የማይታየው ሥራ ነው። ጄሪካን መሙላት። የሕፃኑን ጨርቅ አጥቦ ማስጣት። ትልቁን ልጅ ወስዶ ከሰዓቱን ማዋል። ሕፃኑን ተቀብሎ "አንቺ ሦስት ሰዓት ተኚ" ማለትና ደግሞም ማስተኛት። መስኮቱንም ትንሽ ከፈት አድርጉላት። "የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ" የሚለው ቅን ንግግር ነው፤ ድባቴ የያዛት ሴት ግን ደፍራ አትጠይቅም። ዝም ብሎ መሥራት ይሻላል። ገንፎውን ደግሞ ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ከሚያመጣው ተራ ብንይዝለት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወርም በሩ ባልጠፋው ነበር። ዕድርም አፎቻም ያለን ሰዎች ተራ መያዝ አይከብደንም።

አጠያየቃችንም ይለወጥ። "ደህና ነሽ?" ለሚለው መልሱ የታወቀ ነው። ሰው ሲወጣ ጠብቃችሁ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ "ልጁ ሲተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?" በሏት። ይህ ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ልጇ ተኝቶ፣ ደክሟት፣ ሰውም እየጠበቀላት መተኛት ካቃታት አንድ ነገር አለ። ከዚያ "ሰሞኑን ምን ምን ያሳስብሻል?" ብሎ ዝም ማለት። ካለቀሰች አታስቁሟት። "አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይበላሻል" ማለት አፏን መዝጋት ነው።

ባል ሁልጊዜ መፍትሔ ተደርጎ መነገሩም ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ መፍትሔ ነው፤ ለሚስቱ የእሱን ያህል የሚቀርብ የለም። አባቶችም ራሳቸው ልጅ ሲወለድ በድባቴ ይያዛሉ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ይሆናል። ግን እጁን የሚያነሳባትን ሰው "አግዛት" ብሎ መምከር አያድናትም። እዚያ ቤት ድጋፍ ማለት ሌላ መጠጊያ ማግኘት ነው፦ እህት፣ ጎረቤት፣ የሃይማኖት አባት፣ የሴቶችን ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ።

ምልክቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ጥሩ አጋጣሚም አለ፤ ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ክትባት አለው። ሁሉም እናት የ45 ቀኑን ክትባት ታውቀዋለች። ያን ቀን ለባለሙያዋ "እኔም አላማረኝም" ማለት ይቻላል። የኤድንበርግ መጠይቅ የሚባል፣ ያለፉትን ሰባት ቀናት የሚመለከት አሥር ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ፤ በአማርኛም ተፈትሿል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። ለእሱ "አዎ" ካለች ጠቅላላ ነጥቧ ምንም ይሁን ምን ብቻዋን አትመለስም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሕክምናው ምክርና ውይይት ነው፤ ሲከብድ መድኃኒት ይጨመራል። "እያጠባሁ መድኃኒት አልወስድም" የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ለአጥቢ እናት የሚመረጡ መድኃኒቶች አሉ። ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም በትንሹ ነው። ለሐኪም ሳይነግሩ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው።

አንዲት አራስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ትቀራለች፤ ልጇ ሞቶ የተወለደባት ወይም ተወልዶ የሞተባት። ለእሷ ገንፎ የሚያመጣ የለም። እንደ ትልቅ ሰው ሞት ለቅሶም አይቀመጥላትም። "ሌላ ትወልጃለሽ" ተብላ ትታለፋለች። ሆርሞኗ ግን ያው ይወርዳል፣ ደሟ ያው ይፈስሳል፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ወተት ይሞላል። ለድባቴ በጣም ከተጋለጡት እናቶች አንዷ እሷ ናት። ክትባት የምታስከትበው ሕፃን ስለሌላት ደግሞ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ምክንያት ያጣች ይመስላታል። የድህረ ወሊድ ክትትሉ ለእሷም ነው፤ በሰባተኛው ቀን አካባቢና በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሰው አብሯት ይሂድ። ከመውጣታችሁ በፊትም ስለ እንቅልፏ እንዲጠይቋት አስታውሱ።